ሁለቱ ዳዊቶችና አንድ ጥሩር

ኢቭ ኦንላይን የተባለው የጠፈር ውጊያ ጌም እ.ኤ.አ. በ2003 ከአይስላንድ ሲወጣ ከብዙ ጌሞች የለየው አንድ ጭካኔ ነበረው፤ በውጊያ የወደመች መርከብ እስከ ወዲያኛው ወደመች። ተጫዋቹ ሌላ ይገዛል እንጂ ያችኑ መልሶ አያገኛትም። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ የሚያልቀው ተኩስ ሳይጀመር፣ መርከቧ ገና ጣቢያ ቆማ ሳለች፣ “ምን አልብሼ ላውጣት” በሚል ሐሳብ ነው። ከላይ የኃይል ጋሻ አላት፤ ከሥሩ ጥሩር አለ፤ ከጥሩሩ ሥር ገላዋ። የሚደርስባት ጉዳት ደግሞ አራት ዓይነት ነው፦ የኤሌክትሮማግኔት፣ የሙቀት፣ የግጭትና የፍንዳታ። እያንዳንዱ ሽፋን የትኛውን ጉዳት ስንት በመቶ እንደሚመክት በቁጥር ተጽፎ ይታያል። ጋሻው ፍንዳታን በደህና ይችላል፣ ኤሌክትሮማግኔት ግን ቶሎ ያሳሳዋል። ጥሩሩ የዚህ ግልባጭ ነው፤ የሚሸነፈው በፍንዳታ ነው። ወፍራም የብረት ንጣፍ ቢደረብባት ትከብዳለች፤ ለመዞር ትዘገያለች፤ መሸሹም ማሳደዱም ያቅታታል። ቀዳዳውን ልድፈን ብሎ ለአንድ ጉዳት የሚሆን ማጠናከሪያ ቢደራርቡም ሒሳቡ እንቢ ይላል፦ የመጀመሪያው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ሁለተኛው 87 በመቶ ያህሉን፣ ሦስተኛው 57፣ አራተኛው 28። ማስገቢያው ቦታም የተቆጠረ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ጆሮ የሚገባው በብዛት የኳስ ጌም ጩኸት ነው፤ ይህን መሰሉን ረጅም ጌም የያዘ ወጣት ካለ ቤቱ ተቀምጦ፣ መብራትና ኔትወርክ እስከፈቀዱለት ድረስ ነው። ጥያቄው ግን ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ጥሩር የሚመርጥ ሰው ሳያውቀው ይናዘዛል። ጠላቴ የምለው ማንን እንደሆነ፣ ምን ያህል ተሸክሜ መራመድ እንደምችል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛውን ቁስል ልችለው እንደቆረጥኩ ምርጫዬ ይናገርብኛል። ይህ የመጨረሻው ነገር ነው የሃይማኖት ጥያቄ የሚያደርገው። አንዱ ወገን “እግዚአብሔርን የያዘ ጥሩር አያሻውም” ይላል፤ ሌላው “ካልታጠቅህ ፈተንከው” ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ሳይመረምሩ የተቀበሉ ይመስለኛል፤ ሙሉ ጥሩር የሚባል ነገር አለ ብለው፣ አንዱ ሰማይ ላይ ሌላው ምድር ላይ ይፈልጉታል። የእኔ ክርክር ግን እንዲህ ያለ ጥሩር የትም የለም፣ ኖሮም አያውቅም፤ እምነት ቦታ የሚያገኘውም በዚያው ባልተሸፈነው በኩል ነው የሚል ነው።

ከአንድ እናት የወጡ ሙስሊምና ክርስቲያን በሚገኙበት በወሎ ምድር አንዱን ንጉሥ በሁለት መልኩ የሚያውቁ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 17ኛው ምዕራፍ ሳኦል የራሱን ጥሩርና የናስ ቁር ለብላቴናው ዳዊት ያለብሰዋል፤ ዳዊት ሊራመድ ይሞክርና ያቅተዋል፤ አውልቆ ይተወዋል፤ ከወንዝ አምስት ድቡልቡል ድንጋይ መርጦ ይሄዳል። በቁርኣን ደግሞ፣ በሱረቱል አንቢያና በሱረቱ ሰበእ፣ ብረት የተለሰለሰለትና ጥሩር መሥራት የተማረ ነቢይ ነው፤ ዳውድ። አንዱ ጥሩር አውላቂ፣ አንዱ ጥሩር ሠሪ። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ታሪክ “ብረት አያድንም” ለማለት ይጠቅሱታል፤ ታሪኩ ግን እንደዚያ አይልም። ዳዊት የሰጠው ምክንያት ጥሩር ኃጢአት ነው የሚል አልነበረም፤ አልፈተንኩትም፣ አልለመድኩትም ነው ያለው። ይህ የሃይማኖት ሳይሆን የሙያ መልስ ነው። ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው ክንዱና እግሩ ነጻ መሆን አለበት፤ የሳኦል ጥሩር የተለካው በሳኦል ቁመትና በሳኦል ውጊያ ነበር። ጎልያድ ግን 5,000 ሰቅል የሚመዝን ጥሩር ለብሶ፣ ጋሻ ጃግሬ ከፊቱ አስቀድሞ መጥቶ የወደቀው ብረቱ ባልደረሰበት ግንባሩ በኩል ነው። የሰበእ ሱራ ለጥሩር ሠሪው የሚሰጠው ትእዛዝም ለቀለበቶቹ ልክ አብጅላቸው የሚል ነው። የጥንት ተፍሲር ጸሐፊዎች ይህን ሲያብራሩ ወደ አንጥረኛ ቤት ይገባሉ፦ ቀለበትና ቀለበት የሚያያይዘው ምስማር ከወፈረ ቀለበቱን ይሰነጥቀዋል፣ ከቀጠነ ውስጡ ይንገዋለላል። እንግዲህ ሁለቱ ዳዊቶች አይጣሉም፤ አንዱ ልኩ ያልሆነውን አወለቀ፣ ሌላው ልክ አውጥቶ ሠራ።

ልክ የሚለው ቃል በአገራችን ከብረት ይልቅ በብራና ላይ ጎልቶ ይታያል። የደብተራ ክታብ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ነው። ቀጫጭን የብራና ቁራጮች ጫፍና ጫፋቸው በጅማት ተሰፍቶ፣ ከአናት እስከ ተረከዝ እንዲደርስ ሆኖ፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ከቆዳ ማኅደር ይገባል። የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጻፍበታል፤ የሌላ ሰው ክታብ ለሌላ አይሆንምና። ይበልጥ የሚገርመው ግን ውስጡ ነው። ክታብ “ከክፉ ሁሉ አድነኝ” ብሎ በደፈናው አያልፍም፤ በስም እየጠራ ይዘረዝራል። ለሾተላይ፣ ለዐይነ ጥላ፣ ለባርያና ለሌጌዎን፣ ለቁርጸት፣ ለፍልጸት እያለ ለየአንዳንዱ የየራሱን ጸሎት ይመድባል። ልጅ የሚሞትባት እናት ክታብ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ ውርዝልያን ድል የነሣበት ታሪክ ሰፋ ያለውን ቦታ ይይዛል፤ ራሱን የሚፈልጠው ሰው ክታብ ላይ ሌላው። ብራናው በቁመት የተወሰነ ስለሆነ ደብተራው አንዱን ሲያሰፋ ሌላውን ማጥበብ ግድ ይሆንበታል። አጠገቡ ያለው ሙስሊም ጎረቤት አንገቱ ላይ ያሰረው ሂርዝም ያው በቆዳ የተሰፋ ጽሑፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ነገር አልወደደችውም፤ ለግሸን አምባ ግማደ መስቀሉን የሰጠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በጠንቋይና በአስማተኛ ላይ የወሰደው እርምጃ የከረረ ነበር። ብዙ የእስልምና ሊቃውንትም ሂርዝን ይነቅፋሉ። ትችታቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ብራና ጋኔን አያስቆምም። ሆኖም ነቀፋው የሚያርፍበትን ቦታ መለየት ደግ ነው። የክታቡ ስሕተት አስቀድሞ ማሰቡ አይደለም፣ በስም መዘርዘሩም አይደለም፤ ከአናት እስከ ተረከዝ ሞላሁ ማለቱ ነው። ዝርዝሩ ራሱ ይመሰክርበታል፤ ያልተጠራ በሽታ ሁልጊዜ አለ።

ስለ ክብደትና ስለ ተሳሳተ ጠላት ከመቅደላ የበለጠ የሚናገር ቦታ በደቡብ ወሎ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አምባውን እንደ ጥሩር ለበሱት። ዙሪያው ገደል፣ በሩ ጥቂት፤ ለዘመናት በእግረኛና በፈረሰኛ ሲዋጋ ለኖረ አገር ከዚህ የሚሻል መከላከያ አልነበረም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ መንገድ እየቀደዱ፣ የበሽሎን ገደል እያወረዱና እያወጡ ወደዚያ ሲያስጎትቱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ያ ሁሉ ጊዜ ሠራዊታቸው እየሳሳ የሄደበት ጊዜ ነው። እንግሊዞች ሲመጡ ግን በኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዘው መጡ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የንጉሡ ጦር ከከፍታው ወርዶ እሮጌ ላይ ሲገጥም 700 ያህል ሰው ረገፈ፤ ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን መቅደላ ተያዘች። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ተቀምጧል። ንጉሡን ደካማ ያደረጋቸው የጥሩር ማነስ ነው ማለት አይቻልም፤ መቅደላን ያህል ወፍራም ጥሩር የለበሰ የለም። የአምባው ጥንካሬ ግን ለትናንቱ ጠላት የተለካ ነበር፤ ክብደቱንም የተሸከመው እየቀነሰ የሚሄደው ሰው ነው። በጌሙ ቋንቋ ቢባል፣ ለአንዱ ጉዳት 90 በመቶ፣ ለመጣው ጉዳት ግን ከምንም የማይቆጠር።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ጌሙን በጌሙ ሊመልስብኝ ይችላል። “ጠላትህን ካላወቅህ ለአራቱም እኩል አብጅ፤ ከአንዱ አጠናክረህ በሌላው ከምትሞት ለሁሉም መካከለኛ መሆን ይሻላል” ይላል። ሁሉንም ጉዳት ትንሽ ትንሽ የሚመክት ማጠናከሪያ በእርግጥ አለ፤ ጠላቱን የማያውቅ ተጓዥም እሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህም ራሱ ምርጫ ነው፤ ወደ ጎን የሚሸሽ ቢመስልም። ለሁሉም እኩል የተዘጋጀ፣ ለየትኛውም በቂ ዝግጅት የለኝም እያለ ነው፤ አጥቂው ደግሞ በብዙ መሣሪያ ጥይቱን እንደ ዒላማው መቀያየር ይችላል። ይህን የኮምቦልቻ ቤት ሠሪም ያውቀዋል። ቆርቆሮ ሲገዛ ባለ 28 ይሻላል ባለ 35 ብሎ የሚያወጣ የሚያወርደው (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ የሚሳሳ መሆኑ አዲስ ገዢን ሁልጊዜ ያሳስተዋል) ስለ ጥራት ብቻ አይደለም። የሐርቡን መንገድ ንፋስ ነው የሚፈራው፣ በረዶ ነው፣ ወይስ የቆላ ቀመስ ሙቀቱን? ወፍራሙ ንፋሱን ይችላል፤ ለሙቀቱ ግን ውፍረቱ ብዙም አይፈይድም፤ የተረፈው ገንዘብ ለኮርኒስ ቢውል ይሻል ነበር። የደሴ ሰው ከጦሳ ሥር ሆኖ ይህንኑ ሒሳብ ሲያሰላ መልሱ ሌላ ይሆናል፤ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከፍታው የተለየ ነው። መካከለኛ ጣራ ለሁለቱም ከተማ እኩል የማይመች ጣራ ነው።

“ጌም ጌም ነው፤ ሕይወት በመቶኛ አትጻፍም” የሚለው ተቃውሞ ደግሞ እንዳሰበው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ራሱ ይዞራል። አዎ፣ ሕይወት ቁጥሯን አትገልጥም። ኢቭ ለዚህ ክርክር የሚያስፈልገኝም ስለዚህ ነው፤ ፈጣሪዎቹ ሁሉንም ቁጥር አውጥተው ያሳዩት ዓለም ነው። የጉዳቱ ዓይነት አራት ብቻ ነው፤ የሚሰወር የለም፤ ወረቀትና እርሳስ የያዘ ሰው ሁሉንም ማስላት ይችላል። በዚያ ዓለም እንኳ ሙሉ ጥሩር ከሌለ፣ የጉዳቱ ዓይነት በማይቆጠርበት በዚህኛው ዓለም አለ ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል?

ከሁሉ የሚከብደው የሃይማኖተኛው ጥያቄ ነው፤ መልስ ሲሰጠውም በአክብሮት መሆን አለበት። “ክፍተት አለብኝ ብሎ ማመን የእግዚአብሔርን ጥበቃ መካድ ነው” ይላል ክርስቲያኑ፤ ሙስሊሙም “ተወኩሉ (በአላህ መመካቱ) የጎደለ ሰው ነው ስለ ጥሩር የሚጨነቅ” ይላል። የሁለቱም መጻሕፍትና ታሪክ ግን ሌላ ያሳያሉ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ግመሌን ልተዋትና በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀው ሰው ያገኘው ምክር አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በኡሑድ ቀን ሁለት ጥሩር ደርበው እንደወጡ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በዚያው ቀን ደግሞ ፊታቸው ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተሰበረ፤ የራስ ቁራቸው ቀለበት ጉንጫቸው ውስጥ ገባ። ይህን የሚያነብ ሰው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ይኖርበታል፤ መደረቡ የተወኩል ጉድለት ተብሎ አልተቆጠረም፣ መቁሰሉም የጥሩሩ ሐሰተኝነት ተብሎ አልተቆጠረም። በክርስትናው በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ የመንፈሳዊ ትጥቅ ዝርዝር አለ፦ መታጠቂያ፣ ጥሩር፣ ጫማ፣ ጋሻ፣ ራስ ቁር፣ ሰይፍ። እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው፤ ጋሻው ለምሳሌ የሚንበለበል ፍላጻን እንዲያጠፋ ነው የተሰጠው። ይህን ዝርዝር የጻፈው ሰው ግን ሲጽፍ እጁ ሰንሰለት ላይ እንደነበር በዚያው ገጽ ይነግረናል። ትጥቁ ከወህኒ ቤት አላስጣለውም፤ ያስጥለኛል ብሎም አልጻፈም። ስለዚህ እምነት ሌላ የብረት ንጣፍ ሆኖ ከንጣፉ ላይ የሚደረብ ነገር አይመስለኝም። እንዲያ ቢሆን እሱም ሦስተኛና አራተኛ ሲደረብ ኃይሉ የሚቀንስ ይሆን ነበር። ሰው የቻለውን ለክቶ ከለበሰ በኋላ ክፍት የቀረው ቦታ የት እንደሆነ እያወቀ ከቤቱ መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ ጸሎቱ አድራሻ ይኖረዋል። ሁሉም ተሸፍኗል ብሎ የሚያስብ ሰው የሚለምነው ምን ቀርቶት ነው?

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ መምረጥ ስለሚችል ሰው ነው፤ ክርክሬ የሚሳሳውም በዚህ በኩል ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ በከተማዋ የነበረው አብዛኛው ሰው ያለው ሽፋን ጋቢው ነበር። ከጎሽና ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው የአባቶች ጋሻ ከጦርና ከጎራዴ ያስጥል ይሆናል፤ ከሰማይ ለሚወርድ እሳት ግን ልኩ አይደለም። በተከታዩ ወር ከሰሜን ግንባር የጀመረው የመርዝ ጋዝ ደግሞ ልብስ ዘልቆ ቆዳ የሚያቃጥል ነበር፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር የረገጠውን ሣር የሚያምንበት መንገድ አልነበረውም። ለዚህ ሰው “ቁስልህን ምረጥ” ማለት ስድብ ነው። ምርጫው የነበረው በሌሎች እጅ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አምጥተው ነበርና በዚያ ጠዋት በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ራሳቸው እንደተኮሱ የታወቀ ነው፤ ፎቶግራፉም ዓለምን ዞሯል። መንግሥታቸው ከዚያ በፊት የመረጠው ዋነኛ ጥሩር ግን መትረየስ አልነበረም፣ ውል ነበር፦ የመንግሥታት ማኅበር አባልነትና የጋራ ደኅንነት ቃል ኪዳን። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት ጣሊያንም ፈርማ አጽድቃው ነበር። ድሀ አገር ብረት መግዛት ሲያቅተው ሕግን መልበሱ ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ለዚያ ጠላት የሚመጥን ብረት ሊገዛ ለማይችል አገር ያለው ሽፋን ያ ብቻ ነበር፤ ክፍተቱ የት እንዳለም ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ቆመው በግልጽ ተናገሩ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለለባሹ ሳይሆን ለሰፊው ነው።

ይህ ዓይነቱ ሽፋን ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ኢቭ ውስጥ ጸጥታው የተጠበቀ በሚባለው ክልል ኮንኮርድ የሚባል ፖሊስ አለ፤ አጥቂን አይከለክልም፣ ካጠቃ በኋላ ግን መጥቶ ያጠፋዋል። ተጠቂው እስከዚያ ወድሞ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስከብረው አጥቂው የሚከፍለውን አስቀድሞ ማወቁ ነው። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ማዕቀቡ ራሱ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ተነሣ። ለጥሩር በተተወው ማስገቢያ ውስጥ የነበረው ሌሎች የገቡት ቃል ብቻ ነበር። ደሴ ላይ የነበረው የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም እንዲሁ ነበር፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ጎልቶ እንዲታይ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት፣ በኅዳር 26ም ቦምብ አላለፈውም። ሌላ ጥሩር ሁሉ እንዳይታይ ወይም እንዳይበሳ ይሠራል፤ ይህኛው እንዲታይ የተቀባ ነው። በመቶኛ ስንት ይመክታል ቢባል ቁጥሩ የተጻፈው ጣራው ላይ አልነበረም፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል በሚያየው አብራሪ ውስጥ እንጂ።